ሁለት ጠርሙስ ውሃ

በአፌ ለማንም ነግሬ የማላውቀው ይህ ነው። ከ1984 እስከ 1988 ዓ.ም. ባለቤቴ ተስፋዬ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ሆድ እያጠበ ያወጣውን ዝቃጭ ከከተማ ወጥቼ እንድደፋ በባልዲ ሲሰጠኝ፣ ከግቢው አልራቅሁም። ከውሃ ጉድጓዳችን ጀርባ፣ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ላይ፣ ድሮ ለመጸዳጃ ተጀምሮ የተተወ ጉድባ ነበር። እዚያ ደፋሁት። ከዚያ ደርሼ የተመለስኩ እስክመስል ድረስ ከአጥሩ ጥግ ቁጭ እል ነበር። በሳምንት አንዴ፣ ሥራ ሲበዛለት ሁለቴ፣ አራት ዓመት ሙሉ።

ተስፋዬ ሐረር የተመደበ የጦር ሠራዊት መካኒክ ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን፣ ሐኪም ጋራ ግርጌ በተከራየናት ክፍል ደጃፍ ባትሪ መጠገን ጀመረ። ዝቃጩ መርዝ እንደሆነ ያውቅ ነበር። "የሺ፣ ከሰው አርቂው፤ ጅብ ከሚውልበት ገደል እልፍ በይ" ይለኝ ነበር። ባልዲው ይከብዳል። መንገዱ ዳገት ነው። ትናንት የሃምሳ አለቃ ሚስት የነበርኩ ሴት ቆሻሻ ተሸክማ ሰው እንዳያያት አፈርኩ። ምክንያቴ ይህ ነው፤ ሌላ የለኝም።

በ1989 ተስፋዬ እጁ ዝሎ፣ ሆዱን እየቆረጠው ሞተ። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው "ደግነቱ የልጆቹን ውሃ አላበላሸንም" አለኝ። ትራሱን አቃናሁለት። ብቻዬን ስቀር ማንበብ ተማርኩ። ውዳሴ ማርያምን በቃሌ ስለማውቀው መጽሐፉን ገልጬ ድምፁን ከፊደሉ ጋር አንድ በአንድ አገጣጠምኩ። ከዚያ በቤት ያለውን ሁሉ አነበብኩ። አንደኛው ተስፋዬ ከጦር ሰፈር ያመጣው የባትሪ አያያዝ መመሪያ ነው። ዝቃጩ ወደ መጠጥ ውሃ ከደረሰ እርሳስ የሚባለው ብረት ሕፃናትን እንደሚጎዳ፣ የተጎዳውም እንደማይመለስ እዚያ አነበብኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጉድጓዱ ጠጥቼ አላውቅም። ከቆርቆሮዬ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል እያጠራቀምኩ እጠጣለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ "ለሆዴ ነው" እላለሁ። ሌላውን ሰው አላስጠነቀቅኩም።

ሌላው ሰው ማለት መጀመሪያ ኸዲጃ ናት፤ ግቢውን የምንጋራ ጎረቤቴ። ሦስት ልጆች አሏት። ትልቋ መርየም ሶፊ በሚባለው ገጠር ገበሬ አግብታ ትኖራለች። ሪሃና በትምህርቷ ገፍታ አዲስ አበባ ኬሚስትሪ ታጠናለች። የመጨረሻው አብዱልፈታ በ1986 ተወለደ። አራት ዓመት እስኪሞላው አልተናገረም።

ከዚህ በታች ያሉት የእኔና የሪሃና ደብዳቤዎች ናቸው። ሁሉንም አላስገባሁም። ጆሮዬ ስለከበደ ስልክ አልችልም፤ የምልከውን አስቀድሜ በደብተር ስለምጽፍ የእኔም ቀርቶልኛል። ኸዲጃ ስልክ የላትም፤ አማርኛም ትናገራለች እንጂ አታነብም። የልጇን ደብዳቤ ሁሉ የማነብላት እኔ ነበርኩ።

*

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእማማ የሺ፣

አስቀድሜ የጆሮዎን፣ ቀጥዬ የሆድዎን ነገር እጠይቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ያልለመድኩት ብርዱን ብቻ ነው።

"በዓይን የማይታይ ነገር ለመፈለግ ይህን ያህል ዓመት ያስተምራሉ?" ብለው ስለጻፉልኝ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ መልስ ፈልጌ ተቀመጥኩ። እርሳስን የመሰለ ከባድ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ አይታይም፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። አንድ ግራም ሚሊዮን ቦታ ተከፍሎ ዐሥሩ ቅንጣት አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ቢገባ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለመጠጥ አይሆንም። መሣሪያችን ይህን ያህል ጥቂት ነገር ተበትኖ ሳለ ማየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ብረቱን ከውሃው ለቅሞ አንድ ቦታ መሰብሰብ ያስፈልጋል። እስከ ዛሬ የሚለቀመው በክሎሮፎርም ነው። ክሎሮፎርም ራሱ መርዝ ነው፤ ስንሠራበት ውለን ራሳችንን ያመናል፣ ትርፉንም የምናደርስበት የለንም። አስተማሪዬ "መርዝ ፍለጋ መርዝ እናመርታለን" ይላል።

የእኔ ሥራ ክሎሮፎርሙን ማስቀረት ነው። በምትኩ ሳሙና የመሰለ ፈሳሽ ጥቂት እጨምራለሁ፤ ብረቱን ጨብጦ የሚይዝ ሌላ ነገር አክልና ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆመዋለሁ። ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ኩልል ያለው ውሃ ባንድ አፍታ ይደፈርሳል። እኛ "ደመነ" እንለዋለን። ያ ደመና ብረቱን እንደያዘ ይወርድና ከታች የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ይሆናል። በጠርሙሱ ሙሉ የነበረው እርሳስ በዚያች ጠብታ ውስጥ ነው። መሣሪያው እሷን ያነባታል።

ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጥኩ ለእናቴ አልነገርኳትም። ለእርስዎ ልንገር። ክረምት ላይ አብዱልፈታን ያየው ሐኪም "ውሃ ከየት ትጠጣላችሁ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው አልለቀቀኝም።

አጎቴ ዓብዱላሂ ጫት አድርሶ ሲመለስ ሁለት ነጭ ጠርሙሶች ያመጣልዎታል። በአሲድ ስላጠብኳቸው እንዳያለቀልቋቸው። አንዱን ከጉድጓዱ ይሙሉና ቀይ ክር ይሰሩበት። ሌላውን ከዝናብ በርሜልዎ ይሙሉት፤ ምንም የሌለበት ውሃ ምን እንደሚመስል ለማነጻጸር ያስፈልገኛል። ለእናቴ ያልላክሁት፣ አታለቅልቂ ካልኳት በአመድ ነው የምትፈትገው። ውጤቱ እስኪታወቅ ማንም ከጉድጓዱ እንዳይጠጣ ያንብቡላት።

የእርስዎ እጅ ከሞላው እምነቴ ሙሉ ነው።

ሪሃና ሙሜ

*

ሐረር፣ ኅዳር 5 ቀን 1998 ዓ.ም.

ልጄ ሪሃና፣

ሰላምታዬ ከብርዱ ቀድሞ ይድረስሽ። ጋቢ በአጎትሽ እጅ ልኬልሻለሁ፤ ያረጀ ነው፣ ግን ይሞቃል። በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዓይኔን አሞኝ ነበር።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብኩላት። "አትጠጡ" የሚለው ላይ ስደርስ ነጠላዋን ከትከሻዋ ወረወረች።

"አቦ! ታዲያ ምን ልንጠጣ ነው? የዓለማያ ሐይቅ ደረቀ። ቦኖው በዐሥራ አምስት ቀን አንዴ ያስላል እንጂ ውሃ አይሰጥ።"

"ያለችው ልጅሽ ናት" አልኳት።

"ልጄማ አዲስ አበባ ገብታ ውሃ ፈራች። እሷን ይሄንን ጠጥቼ አይደል የወለድኳት? ወላሂ፣ ስትማር ስትማር ኖራ መጨረሻዋ ሳሙና ማሟሟት ሆነ!"

እንዲህ ብላ ስታበቃ ግን ተነሥታ ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከደነች፤ በላዩም የወፍጮ ድንጋይ አስቀመጠች። በማግሥቱ የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። አንዷ "ኸዲጃ ውሃ ዘጋች፤ ልጇ ሚኒስትር ልትሆን ነው መሰለኝ" አለች። እናትሽም "ስትሆን አንቺን ጸሐፊ ታደርግሻለች፤ እስከዚያ ቦኖ ሂጂ" ብላ መለሰችላት። ተሳስቀው ሄዱ።

አብዱልፈታ ከቦኖ ጀሪካን ያመላልሳል። ግማሹ በመንገድ ይፈስበታል። ጀሪካኖቹን ቁጠር ስለው እስከ ሰባት ይደርስና ተመልሶ ከሦስት ይጀምራል። አይናደድም። ሲስቅ አንቺን ይመስላል።

ጠርሙሶቹን እናትሽ አጠገቤ ቆማ እያየች ሞላሁ። ቀይ ክር ያለው የጉድጓዱ ነው።

የምትወድሽ የሺ

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእማማ የሺ፣

ጋቢው ደርሶኛል። ለብሼው ነው የምጽፈው።

"ትርፉን የት ትደፊዋለሽ?" ብለው ጠይቀውኛል። እማማ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ለአስተማሪዬ ሳነብለት ከወንበሩ ተነሣ። "እኚህ ሴት የት ነው የተማሩት?" አለኝ። ብቻቸውን አልኩት። የእኔ ትርፍ ጥቂት ነው፤ ሳሙና መሰሉም በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል። እርሳሱ የገባበትን ጠብታ ግን በተዘጋ ዕቃ አስቀምጣለሁ እንጂ ወደ ፍሳሽ አልሰድም። የትም ከተደፋ የሆነ ሰው ጋ መድረሱ አይቀርም።

አሁን ውጤቱን ልንገርዎ። ሁለቱም ጠርሙሶች ንጹሕ ናቸው። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። መሣሪያው ምንም አላነበበም። ጉድጓዱ እርሳስ የለበትም።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ሌላ ነገር ለራሴም አልለየልኝም። ውሃው ካልሆነ የወንድሜ ነገር ምን ሊባል ነው? የአላህ ውሳኔ ነው ብዬ ልተኛ እሞክራለሁ። ለእናቴ ግን ደስታውን ብቻ ያንብቡላት፤ ክዳኑን ታንሣ፣ ይጠጡ።

መርየም እዚያው ሶፊ ትውለድ ወይስ ትምጣ ላለችው፣ ትምጣ። ከእናቷ ቤት የሚሻል የለም።

ሪሃና

*

ሐረር፣ የካቲት 2 ቀን 1998 ዓ.ም.

ልጄ ሪሃና፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

እንዳልሽው አነበብኩላት። እናትሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ድንጋዩን አብዱልፈታ አነሣው። የመጀመሪያውን ባልዲ ራሷ ቀድታ በጣሳ ለሰፈሩ ሁሉ አዞረች፤ "የልጄ ሳሙና አጥቦታል፣ ቢስሚላህ በሉ" እያለች። ለእኔም ሰጠችኝ። ከአፌ አስጠጋሁት።

መርየም መጥታለች። ሆዷ ወደ ፊት ገፍቷል። ወንድ ነው ይላሉ ሴቶቹ። ውሃ ውሃ ይላታል፤ የጉድጓዱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ወዳዋለች።

አብረዋቸው ለምን አይጠጡም ላልሽው፣ ሆዴ ነው። የለመደውን አይለቅም።

ስለ ተስፋዬ ሥራ ስለጠየቅሽው ብዙ የማስታውሰው የለም። አሮጌ ነገር ነው። ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

የሺ

*

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 8 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእማማ የሺ፣

የመርየምን ልጅ መወለድ ሰምቻለሁ። ሴት በመሆኗ ደስ ብሎኛል። ጡቷ ደርቆ ዱቄት ወተት እየበጠበጡ እንደሚያጠቧት አጎቴ ነገረኝ።

ይህን ደብዳቤ ብቻዎን ያንብቡት፤ ከዚያ ለእናቴ የሚነገረውን ይንገሯት።

የመመረቂያ ጽሑፌን ስጽፍ የታኅሣሥ ማስታወሻዬን ገለጥኩ። እያንዳንዱ ውሃ በስንት ሙቀት እንደደመነ እጽፋለሁ። ጨው የበዛበት ውሃ ቶሎ ይደምናል፤ ጨው የሌለው ይዘገያል። የእርስዎ ሁለት ጠርሙሶች ሁለቱም ስድሳ አራት ዲግሪ ላይ ደምነዋል። ልዩነት የላቸውም። ያኔ እርሳሱን ብቻ ስፈልግ ስለነበር አላስተዋልኩም።

የእኛ ጉድጓድ ውሃ ግን ጨው ስላለበት ሳሙና አይዝም፣ እማማ። የትምህርት ቤት ሸሚዜን ሳጥብ አረፋ አጥቼ ስናደድ እርስዎ ከበርሜልዎ ይቀዱልኝ ነበር። ያ ውሃ እንደ ዝናብ ሊደምን አይችልም።

ምናልባት በመሙላት ጊዜ ተሳስተው ሁለቱንም ከበርሜሉ ቀድተው ይሆናል። ዓይንዎን አሞዎት እንደነበር ጽፈውልኛል። ማንም ይሳሳታል፤ እኔም ሳላስተውል ስድስት ወር ቆይቻለሁ። ሌላ ጠርሙስ ልኬያለሁ። እባክዎ ዛሬውኑ ሞልተው ይላኩልኝ። መልስ እስክልክ ድረስ ጉድጓዱ ይከደን። ለሕፃኗ ወተት በተለይ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ አንዲት ጠብታ እንዳይገባ።

ሪሃና

*

ሐረር፣ ሐምሌ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ሪሃና፣

የክረምቱ ጭጋግ እንዴት ይዞሻል? እኛ ዘንድ ዝናቡ ጥሩ ነው። ሐኪም ጋራ አረንጓዴ ለብሷል። የእናትሽ ዶሮ ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች፤ ሁለቱን ጭልፊት ወሰደ። አብዱልፈታ ለቀሩት ስም አወጣ፤ ሁሉንም "ሪሃና" አላቸው። እናትሽ "አንዷን እንኳ ኸዲጃ በል፣ ያጠባሁህ እኔ ነኝ" ብላ ብትቆጣው እምቢ አለ።

ሕፃኗ ትንሽ ያስቀምጣታል፤ ከጥርስ ነው ይላሉ።

በጠየቅሽኝ ነገር ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ዓይኔ ጥሩ አይደለም። ዝናቡ ውሃውን ስለሚያደፈርሰው ጠርሙሱን ከክረምት በኋላ ብሞላው ይሻላል ብዬ አቆየሁት። ብዙ አትጨነቂ። ራስሽን ጠብቂ።

የሺ

*

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የሺ፣

አጎቴን ሳልነግርዎ ላክሁት። ጠርሙሱን በገዛ እጁ ከጉድጓዱ ሞልቶ አመጣልኝ።

ስድሳ ዲግሪ ላይ ደመነ። ጠብታው ወረደ። መሣሪያው አነበበ። ከዐሥር መብለጥ የሌለበት፣ መቶ ሰማንያ ስድስት ነው። አራት ጊዜ ሠራሁት። አስተማሪዬም ለብቻው ሠራው።

አጎቴ ትናንት ተመልሶ ክዳኑን በሚስማር መትቶታል። ጠርሙሱን የሞላ ቀን እናቴ "ልጄ ንጹሕ ነው ብላ አልነበር?" ብላ እንደተጣላችው ነገረኝ። የሰኔውን ደብዳቤ ጠየቃት። "የሺ አነበበችልኝ፤ ስለ ሕፃኗ ደስ ብሎኛል ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም" አለችው።

ሌላ ነገር ነበረው።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ከጉድጓዱ መጠጣት ያቆሙት መቼ ነው? ጋሽ ተስፋዬ ባትሪ ሲያጥቡ አስታውሳለሁ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ያ ግራጫ ጭቃ የት ሄደ? ሦስተኛውን ልጽፈው አልቻልኩም። እርስዎ ያውቁታል።

ሪሃና ሙሜ

*

ሐረር፣ ኅዳር 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ሪሃና፣

በሰላምታ አልጀምርም።

ያቆምኩት በ1990 ነው። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ጭቃው ከጉድጓዱ ጀርባ ጉድባ ውስጥ ነው። ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ተስፋዬ አያውቅም። እሱ አርቂው ብሎኝ ነበር። በእሱ እንዳትፈርጂ።

ጠርሙሱን እናትሽ እያየች ከጉድጓዱ ሞላሁ። ያ እውነት ነው። ወደ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ደፋሁት፤ ከበርሜሉ ሞላሁት፤ ክሩን መልሼ አሰርኩ። ቋጠሮው በመጀመሪያው ሙከራ ያዘልኝ። ያስፈራኝ እሱ ነው።

በልቤ ያልኩትን ልንገርሽ። አብዱልፈታ የተጎዳው ተጎድቷል፣ ደብዳቤ አያድነውም አልኩ። እኔም ብዙ አልኖርም፣ እስክሞት ድረስ ኸዲጃ በሬን እየገፋች ትግባልኝ አልኩ። ዘመድ የለኝም። ከጠዋት እስከ ማታ ስሜን የምትጠራ እሷ ብቻ ናት። መርየም እንደምትመጣ ግን አላሰብኩም ነበር። ስትመጣ ደግሞ ለመናገር ጊዜው ያለፈ መሰለኝ። ጊዜው አላለፈም ነበር። እሱን አሁን አውቃለሁ።

የሰኔውን ደብዳቤ ሳነብላት ወረቀቱን ይዤ ዓይኔን ከመስመር መስመር አሳለፍኩ። ሕፃኗ ያለችበትን አነበብኩ። ቀጥሎ ያለውን ዘለልኩ። እናትሽ "ይኸው ነው? ወረቀቱ ረጅም ነው እኮ" አለችኝ። "ስለ ትምህርቷ ነው፣ አይገባሽም" አልኳት። "አቦ፣ አንቺ ከገባሽ ይበቃኛል" አለችና ሕፃኗን ሰጠችኝ። ወተቷን ያጠጣኋት እኔ ነኝ፣ ሪሃና። ጡጦውን እኔ ይዤ ነበር።

አሁንም ለእናትሽ አልነገርኳትም። ውሃው ተበላሸ መባሉን ታውቃለች። ማን እንዳበላሸው አታውቅም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ አላውቅም።

የሺ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 26 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የሺ፣

ለመዳን መድኃኒት አለ ወይ ላሉት መልሱ ይህ ነው። የአብዱልፈታም የሕፃኗም ደም ተመርምሯል። በሕፃኗ ደም ያለው እርሳስ ከአብዱልፈታው ይበልጣል። ያነጋገርኩት ሐኪም ከውሃው መራቅ እንጂ ሌላ የሚሰጠን ነገር እንደሌለ ነግሮኛል። አጥንት የገባው እዚያው ይቀመጣል፤ አእምሮ ያጣው አይመለስም። ምን ያህሉ ከውሃው እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ሳይንስ እንደዚያ ነው። እኔ ግን አውቃለሁ።

ጉድባው ይጠረግ ወይ ላሉት፣ አፈሩ ሁሉ ጠጥቶታል። ለሚመለከተው ቢሮ አመልክቻለሁ። እናያለን አሉ። በእኛ ዕድሜ ያ ጉድጓድ አይጠራም።

ጽሑፌ አልፏል። አስተማሪዎቹ "ዘዴሽ እውነተኛውን ውሃ ከሐሰተኛው ለየ" ብለው አጨበጨቡልኝ። ቆሜ ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ሙከራ አልገባሁም።

ለእናቴ የምነግራት እኔ አይደለሁም። በር ለበር የምትኖሩት እናንተ ናችሁ። ከእንግዲህ ለእሷ የምለውን በአጎቴ በኩል እልካለሁ።

ሪሃና ሙሜ

*

ሐረር፣ የካቲት 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ደብዳቤዎቹ እዚህ ያበቃሉ። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ለእኔ የመጣ የለም።

ዘንድሮ በጋው ጠንካራ ነው። በርሜሌ ደርቋል። ባለፈው ሐሙስ ኸዲጃ ከቦኖ ተመልሳ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ደጃፌ ላይ አስቀመጠች። ስድስት ሰዓት ተሰልፋ ያገኘችው ነው።

"ለሆድሽ" አለች።

"ውሰጂው ኸዲጃ፣ ሕፃን አለሽ።"

"ሕፃኗ ድርሻዋን ወስዳለች። ያ ረቢ፣ አንቺ ሴት! ሰው ሲሰጥሽ እጅሽን ከኋላሽ ታስሪያለሽ።" አጠገቤ ተቀመጠች። እግሯ አብጧል። "ብልኋ አንቺ ነሽ፣ የሺ። ከሁላችን ቀድመሽ ያንን ውሃ የተውሽ። ሆድሽ ነገረሽ። የእኛ ሆድ ግን ጅል ነው፣ የሰጡትን ይቀበላል።" ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ "ልጂቱ አንገቷ አልጠና አለኝ፤ ዓመት ሊሞላት ነው" አለች። "የአብዱልፈታም እንዲህ ነበር። ታስታውሻለሽ?"

"አስታውሳለሁ" አልኩ።

"አላህ ለምን ሁለቴ?" አለች። መልስ የምትጠብቅ አትመስልም ነበር። እኔ ግን መልሱን አውቅ ነበር፤ አጠገቧ ተቀምጬ ውሃዋን ተቀበልኩ፤ እሷ እያየች ጠጣሁት።

ከሐሙስ እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ በንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ ቆይቻለሁ። ያስገባኋቸውን የሪሃና ደብዳቤዎች እንዳሉ አያይዣለሁ፤ አንድ መስመር አልዘለልኩም። በአፌ ልነግራት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ። በጽሑፍ ግን ከጀመርኩት መሸሽ አልችልም።

በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ አንባቢዋ እኔ አልሆንም። መርየም እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። ፊደል እየለቀመች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች፤ ይህን ለመጨረስ ቀናት ይፈጅባታል። የገዛ ልጇ ነገር ላይ ስትደርስ ታቆም ይሆናል። ወረቀቱን ትቀደው ይሆናል። መብቷ ነው። ምንም ተስፋ ይዤ አልሰጣትም፤ ይህን ማወቅ ከእነሱ አንዱንም አያድንም። ግን የእነሱ ነው፤ ይዤባቸው ኖሬያለሁ።

ነገ ጠዋት፣ እናትና ልጅ ደጃፍ ሲቀመጡ፣ ጥቅሉን አድርሼ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። በሩን አልቀረቅርም።

እነዚህን ገጾች መርየም ታነባለች፤ የሚሰጡት ግን ለእናቷ ነው። ለኸዲጃ።